በማረጥ ዋዜማ ለቆዳ የሚደረግ እንክብካቤ

«ቆዳዬ ደረቀ፤ ፊቴ ላይ ማዲያት ወጣብኝ፤ ሌሊት ሌሊት ያሳክከኛል፤ እከክ ይሆን?» ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ እናቶች ክሊኒክ ሲመጡ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ስለ ወር አበባቸው ሲጠየቁም ብዙዎቹ «እሱማ ተዛብቷል፤ አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይቀራል» ይላሉ። የቆዳው ድርቀትና የወር አበባው መዛባት የሚገናኙ መሆናቸውን ግን የሚገምቱት ጥቂቶች ናቸው።

የአብዛኛዎቹ ሴቶች የወር አበባ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ፈጽሞ ይቆማል። ይህ ማረጥ ይባላል። ማረጥ ግን በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት ባሉት አራት ያህል ዓመታት፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ በረዘመ ጊዜ፣ በሰውነት ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ በመጨረሻ ይቀንሳል። ኤስትሮጅን ደግሞ ከማኅፀን ሌላ ለቆዳም የሚሠራው ሥራ አለ፤ ወዙን ይጠብቃል፣ ውፍረቱን ይይዛል። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን ለጭቃ ቤት እንደ ማገሩ ነው ማለት ይቻላል። ሴት ካረጠች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ውስጥ ከዚህ ማገር እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ሊቀንስ ይችላል። ቆዳው የሚሳሳው፣ የሚሸበሸበው፣ ሲቧጨርም ቶሎ የማይድነው ስለዚህ ነው። አንዳንድ እናቶች በቆዳቸው ላይ ጉንዳን የሚሄድ እየመሰላቸው ይቸገራሉ። ይህም የታወቀ የዚህ ጊዜ ምልክት እንጂ የሌላ ነገር ጣጣ አይደለም።

በቢቸናና በሞጣ ለሚኖሩ እናቶች ነገሩን የሚያብሰው ፀሐዩ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ጨረሩን አያስተውለውም። በአረም ወይም በአጨዳ ጊዜ ጤፍ ማሳ ውስጥ የምትውል፣ በገበያ ቀን ረጅም መንገድ የምትሄድ እናት ፊቷን ቀኑን ሙሉ ለዚህ ጨረር ሰጥታ ትውላለች። ጨረሩ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነው። በዚህ ሰዓት ጥላ መያዝ፣ ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ ወይም ነጠላን እስከ ግንባር መከናነብ ብዙ ይረዳል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የመግዛት አቅም ያላት ትጠቀም፤ የሌላትም በጥላና በነጠላ ራሷን ትከላከል።

ማዲያት ከሆርሞንና ከፀሐይ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በዚህ ዕድሜ ሊብስ ይችላል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒንም ሊያባብሰው ስለሚችል፣ ክኒን የምትወስድ እናት ፊቷ መጥቆር ከጀመረ ለጤና ባለሙያ ትንገር፤ ሌላ ዘዴ ይመረጥላታል። ሥጋት የሚፈጥረው ግን በየሱቁ የሚሸጠው የማቅያ ክሬም ነው። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች አሉባቸው። በመጀመሪያ ፊትን ቦግ ያደርጉና ቆይተው ቆዳውን ያሳሱታል፤ የደም ሥር ያወጣሉ፤ ሲተዉም ፊት ይቆጣል። በማረጥ ዋዜማ ራሱ እየሳሳ ባለ ቆዳ ላይ ይህን መጨመር ጉዳቱን እጥፍ ማድረግ ነው። ባዜቃ (ሜርኩሪ) ያለባቸውም አሉ፤ ባዜቃ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በፎጣና በትራስም ለቤተሰብ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያሉትን የቆዳ ማቅያዎች ከገበያ ለማስወጣት የወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። በውስጡ ያለው ነገር ያልተጻፈበትን ክሬም ፊትዎ ላይ አያድርጉ።

ለድርቀቱ የሚበጀው ብዙ ወጪ የሌለው ነው። ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፤ ገላዎን በልብስ ሳሙና አይፈትጉ። ከታጠቡ በኋላ ሰውነትዎ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን ይቀቡ። ቅባት የሚሠራው ውሃውን ቆዳ ውስጥ አስቀርቶ ነውና፣ በደረቀ ቆዳ ላይ ሲቀቡት ጥቅሙ ያንሳል። ወይባ ጢስ የሚሞቁ እናቶችም አሉ። ባህሉን ተዉ አንልም፤ ይሁንና የጢሱ ሙቀት የማረጥን ድንገተኛ ግለትና ላብ ይቀሰቅሳል፣ ቆዳንም ያደርቃል። ስለዚህ ጊዜውን ማሳጠር፣ ከዚያም መቀባት ያስፈልጋል። የደም ግፊት ያለባት ወይም ራሷን የሚያዞራት ብትተወው ይሻላታል።

ማሳከክ ሁሉ ግን የማረጥ አይደለም። ማሳከኩ በጣቶች መካከል ከሆነና ሌላም የቤተሰብ አባል የሚያክ ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል መላው ቤተሰብ መታከም አለበት። ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ካዩ ደግሞ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና በቶሎ ይታዩ፤ መድኃኒት አለው። እግርንም መርሳት አይገባም። በጎጃም፣ ለምሳሌ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት (ዝሆኔ) ብዙ ሰው ይዟል። የተሰነጠቀ ተረከዝ ላለባት እናት እግርን በየቀኑ ታጥቦ መቀባትና ጫማ ማድረግ ከፊት ክሬም ይቀድማል።

ለመናገር የሚታፈረው የብልት ድርቀት ነው። የብልትም ቆዳ በኤስትሮጅን ማነስ ይሳሳል፤ ግንኙነት ያማል፣ ያቃጥላል። ብዙ እናቶች ይህን ለባላቸውም ሳይናገሩ ለዓመታት ይታገሣሉ። ውስጡን በሳሙና መታጠብ ያባብሰዋል፤ ውጭውን በንጹሕ ውሃ ብቻ መታጠብ በቂ ነው። ከፋርማሲ የሚገኝ፣ ዘይት የሌለው ማለስለሻ ይረዳል። ቫዝሊን፣ ቅቤና የምግብ ዘይት ግን ኮንዶምን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሳሱት ከኮንዶም ጋር ፈጽሞ አይደረጉም።

«የወር አበባዬ ከተዛባ እንግዲህ አልወልድም» የሚል አስተሳሰብ ስላለ አንድ ነገር እንጨምር። በማረጥ ዋዜማ እርግዝና ይፈጠራል። የወር አበባዋ ከ50 ዓመት በፊት የቆመባት እናት መከላከያውን ለሁለት ዓመት፣ ከ50 በኋላ የቆመባት ለአንድ ዓመት መቀጠል አለባት። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ግን የወር አበባዋ በመርፌው ምክንያትም ሊቀር ስለሚችል «አረጥኩ» ብላ በራሷ አታቋርጥ። መቼ እንደምትተው ከዕድሜዋ ጋር አገናዝቦ የሚነግራት የጤና ባለሙያው ነው። ካረጡ ዓመት አልፎ ደም የታየዎት እንደሆነም ጥቂት ነው ሳይሉ መጥተው ይመርመሩ።