ፒክአፕ ለጭነትም ለቤተሰብም፦ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሒሳብ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባላል። ደብል ጋቢና ፒክአፕ የሚፈልግ ነጋዴ ግን ሁለቱንም ዛፍ ነው የሚፈልገው። በሥራ ቀን እህልና በግ ይጭንበታል፤ እሑድ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄድበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከአስፋልት ወጥቶ ጭቃውን እንዲሻገርለት ይጠብቃል። አንድ መኪና ሦስቱንም ሊሠራ ይችላል። ይሁንና ሦስቱንም እኩል አሳምሮ የሚሠራ የለም። ገዢው የትኛውን እንደሚያስቀድም ሳይወስን ገበያ ከወጣ የሚመርጥለት ሌላ ሰው ነው።

ለዚህ ጫጫ ጥሩ ምሳሌ ናት። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ትገኛለች። አካባቢው የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። ዳሸንና ሐበሻ የቢራ ፋብሪካዎች በደብረ ብርሃን ከተተከሉ ወዲህ ደግሞ የብቅል ገብስ ሌላ ገበያ አግኝቷል። ነጋዴው ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲገባ የሚጠብቀው በበጋ ኮረኮንች፣ በክረምት ዋልካ ነው። ገደል የሚያስወጣ መኪና አያሻውም። ከጭቃ የሚወጣ፣ ድንጋይ የማይነካው፣ ከዚያም በአስፋልት ላይ ቤተሰብ የማያንገላታ ይበቃዋል።

ስህተቱ ለምን ይከብዳል?

ቀደም ሲል ያልተመቸውን ፒክአፕ ሽጦ ሌላ መግዛት ብዙም አያስጨንቅም ነበር። አሁን ግን ሁኔታው ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሳቸውም እንዲከብድ አድርጓል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመሆኑም የናፍጣ ፒክአፕ ፈላጊ በአብዛኛው ዓይኑን የሚጥለው አገር ውስጥ ባለው ያገለገለ መኪና ላይ ነው። የአንድ ፒክአፕ ዋጋ ለአንድ የእህል ነጋዴ የዓመት መሥሪያ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ያልሆነ መኪና የገዛ ሰው የሚያጣው ምቾት ብቻ ሳይሆን በመኸር ወቅት ገብስ የሚገዛበትን ገንዘብ ጭምር ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑ

በገበያው «1 ቶን ይጭናል» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ባለ አራት ጎማ ተነጂ ደብል ጋቢና ግን እንደ ሞዴሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኩንታል ነው አቅሙ። በዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ በጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ከዚሁ አቅም ላይ የሚቀነስ መሆኑን ነው። አቅሙ 9 ኩንታል በሆነ መኪና ላይ እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ 5 ሰዎች ቢሳፈሩ 350 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። ለጭነት የሚቀረው 5 ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። የብረት መከላከያና የካሶኒ ሽፋን ከተጨመረ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ስፍራውም እንዲሁ ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመት 1 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ የሲንግል ጋቢናው ከ2 ሜትር ከ20 በላይ ነው። በግ የሚነግድ ሰው ሚዛኑ ሳይሞላ ስፍራው ይሞላበታል። ስለዚህ በየቀኑ 8 እና 10 ኩንታል የሚያነሳ ነጋዴ ደብል ጋቢና ቢገዛ መኪናውን ሁልጊዜ ከአቅም በላይ ያሠራዋል። ለእሱ የሚሻለው ሲንግል ጋቢና፣ ወይም ከባዱን ጭነት በኪራይ አይሱዙ እያስጫነ ለራሱ ቀለል ያለ መኪና መያዝ ነው። ደብል ጋቢና የሚያዋጣው ጭነቱ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ መጠኑም ከ5 ኩንታል የማይበልጥ ለሆነ ቤተሰብ ነው። ሰው በጋቢና፣ ዕቃ በካሶኒ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ልጆችን ከጆንያ ላይ አስቀምጦ መሄድ አደጋ መጥራት ነው።

ከፍታው ሞተር ይመርጣል

ጫጫ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት ባለ 2.8 እና ባለ 3.0 ሊትር የቶዮታ ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች በጥንካሬያቸው የተመሰገኑ፣ ማንም መካኒክ የሚፈታቸው ናቸው። ሆኖም ቱርቦ የሌላቸው ቤተሰብና ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ ይደክማሉ፤ ጥቁር ጭስም ያበዛሉ።

ቱርቦ ያላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች አየሩን አምቀው ስለሚያስገቡ ከፍታው ብዙም አይጎዳቸውም። ከ2004 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የወጡት «ቪጎ» የሚባሉት ሃይሉክሶች ከነዚህ ወገን ናቸው። ድክመታቸው የነዳጅ ጥራት ነው። የነዳጅ መርጫቸው በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ስለሆነ ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ በቀላሉ ያበላሸዋል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ከበርሜል ነዳጅ የሚቀዳ ገዢ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ፎርዊል ስንት ቀን?

ባለ አራት ጎማ ተነጂ መኪና ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነዳጅም ይጨምራል። ገዢው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «በዓመት ስንት ቀን ያስፈልገኛል?» ብሎ ነው። ሥራው በአብዛኛው ጫጫ፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ከሆነ፣ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ስለሆነ ጥሩ ጎማ ያለው ባለ ሁለት ጎማ ተነጂ ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ዋልካ ውስጥ የሚገባ ግን ያለ ፎርዊል አይሆንለትም። ባዶ ፒክአፕ የኋላው ቀላል ስለሆነ በጭቃ ላይ ፈጥኖ ይንሸራተታል።

አብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ ያለው ፎርዊል ለጭቃና ለልቅ ጠጠር ብቻ የተሠራ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ እኩል ስለማይዞሩ ካምቢዮውን ያስጨንቃል፤ በጊዜ ብዛትም ይሰብራል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር፣ ከዚያም ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ደግሞ በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ መያዝን መልመድ አለበት።

ለቤተሰቡ ምቾት የሚወስነው የኋላው ባሌስትራ ነው። ጭነት እንዲችል ተብሎ የጠነከረ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል። ተጨማሪ ባሌስትራ የተደረገበት ያገለገለ መኪና ሁለት ነገር ይናገራል፦ ከአቅሙ በላይ ሲጭን እንደኖረና ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች እንደሚንገላቱ።

ስምና መለዋወጫ

ሃይሉክስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ በመሆኑ ስሙ ይሸጠዋል። አይሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና ኒሳን ናቫራም በሥራው የሚፎካከሩት ናቸው። የላንድክሩዘር ፒክአፕ በጥንካሬው ተወዳዳሪ ባይኖረውም፣ የተለመደው ሲንግል ጋቢና ለቤተሰብ አይሆንም። እዚህ ላይ የሚረዳው ጥያቄ «የቱ ይበልጣል?» ሳይሆን «ዕቃው ደብረ ብርሃን ይገኛል ወይስ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ያስኬዳል?» የሚለው ነው። በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛ መኪና ለአንድ ዕቃ ሁለት ሳምንት ከቆመ ርካሽነቱ አበቃ።

የኤሌክትሪክ ፒክአፕም ሊታሰብ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። ነገር ግን ጭነትና ዳገት የሚሄድበትን ርቀት ያሳጥራሉ። ከጫጫ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ገዢው ጭነት ይዞ ይህን መሄድ መቻሉንና የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይቀድማል

ከሁሉም የከፋው ኪሳራ የሚመጣው ከሊብሬው ነው። ብዙ ፒክአፖች ለኢንቨስትመንትና ለልዩ ልዩ ሥራ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። እንዲህ ያለው መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። በቃል ስምምነት ወይም በውክልና ብቻ የገዛ ሰው ቁልፉን ይዞ ስም ማዛወር ሊያቅተው ይችላል። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከሩ፣ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑ በመዝገቡ መረጋገጡ፣ ውሉም በውልና ማስረጃ መፈረሙ ከክፍያ በፊት የሚደረግ ነው። የዚህ ዓይነቱን ማጣራት የሚያጣድፍ ሻጭ ሲገጥም መተው ይሻላል።

ወረቀቱ ከጠራ በኋላ መኪናው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ መታየት አለበት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ሲሞቅ የማይጠፋ ነጭ ጭስ የነዳጅ መርጫ ችግር ወይም ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ይጠቁማል። ፎርዊሉ በጭቃ ወይም በጠጠር ላይ ገብቶ መሞከር አለበት፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ሊሆን ይችላልና።

በጥቅሉ በጫጫና በመሰል ደጋ ከተሞች ለሚኖር፣ ጭነቱ መጠነኛ ለሆነ ቤተሰብ የሚበጀው ወረቀቱ የጠራ፣ ቱርቦ ያለው፣ ባሌስትራው ያልተነካ ደብል ጋቢና ነው፤ ዓመተ ምርቱ ጥቂት ቢቆይም። ገንዘቡን ሁሉ በግዢው ላይ ከማራገፍም ለአራት ጎማ፣ ለዘይትና ለማጣሪያ የሚሆን ማስተረፍ ይገባል። ዕለት ዕለት ከባድ የሚጭነው ግን ቤተሰቡንና ንግዱን በአንድ መኪና ላይ ባይጭን ይመረጣል። የኪራይ ሒሳቡ ከተሰበረ ሻንሲ ያነሰ ነው።