«የትኛው ቃል ነገረህ?»
ረቂቅ የዘፈን ግጥም እንዴት ይተረጎማል?

የኛ አካባቢ ለዘፈን እንግዳ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል የሐይቅ ጎረቤት ነው፤ በማሪቱ ለገሠ ድምፅ ያልሰማው የለም። ታዲያ ዜማውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ግጥሙ ምን ማለት ነው ሲባል ግን መኝታ ቤታችን በክርክር ይናጋል። አንዱ «ፍቅር ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ፖለቲካ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ቤት እንዲመታ የገባ ነው፤ ትርጉም የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። ለመሆኑ ዳኛው ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የቅኔ መምህራን «ሰምና ወርቅ» የሚሉት ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈሳል። በግጥምም ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ውስጡ ያለው ወርቅ ነው። ሁለቱን ባንድነት የሚሸከመው ቃል ኅብር ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወርቁ የሚገባው ሰሙ በነበረበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ «ወርቁ ይህ ነው» የሚልን ሰው «የትኛው ቃል ነገረህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በማስተማር ልምምድ ጊዜ ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት ራሴ የገጠምኳትን ሁለት ስንኝ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፦

ልጄ፣ መምጫህ መቼ፣ ብላ ብትጠይቀው፣
ገና ነው ይላታል ልቡ እያወቀው።

ኅብሩ «ገና» የሚለው ቃል ነው። ሰሙ የገና በዓል ነው፤ እናት ይህን ሰምታ ጠላ ትጠምቃለች። ወርቁ «ጊዜው አልደረሰም፣ አትጠብቂኝ» ነው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «እናት የተባለችው አገራችን ናት» አለ። «የትኛው ቃል ነገረህ?» ብለው ዝም አለ። ጥያቄዬ በመሥራቱ ደስ አለኝ።

ቀጥላ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነሣች። ወንድሟ ዐረብ አገር እንደሄደ ቆይቶ ነው የሰማሁት። «መምህር፣ እናትየውም እኮ ታውቃለች። አውቃ ነው ገና በዓል ነው የምትለው» አለችኝ። እኔም «ስሕተት! ስንኙ የሚለው ልቡ ነው እንጂ ልቧ አይልም» ብዬ አስቀመጥኋት። ከዚያ ቀን ወዲያ እጅ አላወጣችም።

ማታ ስንኟን ደግሜ አነበብኋት። ያደረግሁት «አላት» ሳይሆን «ይላታል» ነው። አንድ ጊዜ አይደለም እንግዲህ፤ በጠየቀችው ቁጥር ይላታል ማለት ነው። ስንት ገና ያለፈባት እናት እንዴት አታውቅም? ልጅቷ የያዘችው ቃል ነበራት። ገጣሚው እኔ ነኝ፤ ቃሉን ያላየሁትም እኔው ነኝ።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛ፣ የግጥሙ ዳኛ ገጣሚውም መምህሩም ሳይሆን ቃሉ ነው፤ ኅብሩን ብቻ ሳይሆን ግሱንም ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰሚው ከኑሮው የሚያመጣው ትርጉም አለ። የጥላሁን ገሠሠን «አልቻልኩም» በዘመኑ ብዙ ሰው ከፍቅር ብሶት አሳልፎ የሕዝብ ብሶት አድርጎ ሰምቶታል። ይህ ስሕተት ነው አይባልም፤ ነገር ግን «የሰሚው ትርጉም» ተብሎ በስሙ መጠራት አለበት። ያ «አገራችን ናት» ያለው ልጅም በዚህ በኩል ቦታ ነበረው፤ አልሰጠሁትም። ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ስንኝም አለ፤ ግን ቃሉን ሳንመረምር «ትርጉም የለውም» አንበል።

ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ! «የትኛው ቃል ነገረህ?» የምትለው ጥያቄ ተማሪን ማስቀመጫ እንዳትሆን። ከጠየቅን በኋላ መልሱን እስኪያገኝ እንጠብቀው፤ አብረንም እንፈልግ። እኔ በማግሥቱ ክፍል ገብቼ «ትናንት የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» ብዬ «ይላታል» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ አሠመርሁበት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።