ተጨማሪ መረጃ፦ ከእንጦጦ ከሰል እስከ ናኖቲዩብ

ከየካ ወደ እንጦጦ ስትወጡ የምታዩት ባሕር ዛፍ መነሻው አውስትራሊያ ነው፤ በአዲስ አበባ የተስፋፋው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እንጨቱ ሲከሰል በአብዛኛው ካርቦን ሆኖ ይቀራል፣ በእጃችሁም በቀላሉ ይንኮታኮታል። የሚያስደንቀው፣ ይኸው ካርቦን አቶሞቹ በሌላ አሰላለፍ ሲያያዙ እጅግ ጠንካራ ቁስ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሆነው ናኖቲዩብ በባለ ስድስት ጎን ቅርጽ የተያያዙ የካርቦን አቶሞች መረብ ተጠቅልሎ የሚፈጥረው ቱቦ ነው። ስፋቱ የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ 1 ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ቅርጽ ካሳወቀ ወዲህ ምርምሩ ተስፋፍቷል።

ናኖቲዩብ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ እንደ ሚቴን ያለ ጋዝ በጋለ ምድጃ ውስጥ፣ እጅግ ደቃቅ በሆኑ የብረት ወይም የኒኬል ቅንጣቶች ላይ ይለቀቃል። ጋዙ ይበታተናል፤ ካርቦኑም ከቅንጣቷ ላይ ቱቦ ሆኖ ያድጋል። የቱቦውን ስፋት በአብዛኛው የምትወስነው ቅንጣቷ ናት፤ ስለዚህ ትልቁ ሥራ እኩል መጠን ያላቸውን ቅንጣቶች ማዘጋጀት ነው።

ያንግ ሞጁለስ አንድ ቁስ ሲሳብ ላለመለጠጥ ያለውን ግትርነት ይለካል። የግንባታ ብረት 200 ጊጋፓስካል ገደማ ሲኖረው፣ ናኖቲዩብ ወደ 1,000 ይደርሳል። ከዚህም በላይ፣ ናኖቲዩብ በኃይል ሲጎብጥ ይታጠፍና ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሊመለስ ይችላል፤ ብረት ግን እንደተጣመመ ይቀራል።

ሞክሩት፦ ቱቦ ሲጫንበትና ሲጎብጥ ምን እንደሚሆን ለማየት፣ ወረቀት በጠባቡ ጠቅልላችሁ ጠርዙን በማጣበቂያ ያዙት። ቱቦውን አቁማችሁ ደብተር ጫኑበት፤ ከዚያ እንደዚሁ የሠራችሁትን ሌላ ቱቦ በጣታችሁ አጉብጡ። መጀመሪያ የተሸበሸበው በየትኛው ጎን ነው?