«አስተውሎት» የሚለው ስያሜና የመንዝ አድማጭ

ለሕዝብ የሚነገር ዕውቀት ጥንቃቄው ከስያሜው ይጀምራል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል በ2012 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ሐረግ በመገናኛ ብዙኃን ተዘውትሯል። ይሁን እንጂ በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ ገበሬ ዘንድ ማስተዋል ማለት ክፉና ደጉን መለየት፣ ለተናገሩትም ቃል ኃላፊ መሆን ነው። ጽሑፍ አቀናባሪው ፕሮግራም ግን ከተከማቸ ጽሑፍ በተማረው መሠረት ተከታዩ ቃል የትኛው ሊሆን እንደሚችል እያሰላ ይቀጥላል፤ በዚህም የተነሣ ሐሰቱን እንደ እውነቱ አሳምሮ ሊናገር ይችላል። የአማርኛው የጽሑፍ ክምችት ከእንግሊዝኛው እጅግ ያነሰ በመሆኑ ስሕተቱ በእኛ ቋንቋ ይብሳል። ገብሱን ስለመታው ዋግ ወይም ስለ ልጁ ትኩሳት የሚጠይቅ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢያምነው ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይወድቃል። በእኔ አስተያየት ስያሜውን መለወጥ ግድ አይደለም፤ ስያሜው በተነሣ ቁጥር ግን «ያሰላል እንጂ አያስተውልም» ብሎ ማስረዳት የተናጋሪው ግዴታ ነው።