ዶሮ በጓሮ ጭራ ምን ታገኛለች? ስለ ለቡ መብራት ኃይል የግቢ ዶሮዎች

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት የሚነገረው በራሱ ላይ መከራ ለሚያመጣ ሰው ነው። ነገር ግን ተረቱን ቃል በቃል ለሚመለከተው ሰው ሌላም ቁም ነገር አለበት፤ ይኸውም ዶሮ የምታወጣው መሬቱ የያዘውን ብቻ ነው፤ መሬቱ ካራ ከያዘ ካራ፥ ትል ከያዘ ትል፥ ባዶ ከሆነም ምንም ታገኛለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ ይኸው ነው። የግቢ ዶሮዎች ምግባቸውን ራሳቸው ጭረው እንዲያገኙ ማድረግ ይቻላልን? የሚቻልስ ከሆነ እስከ ምን ድረስ ነው?

ለምሳሌ የወሰድነው ለቡ መብራት ኃይልን ነው። ይህ ሰፈር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ይገኛል። ከተማው ከመድረሱ በፊት አካባቢው የእርሻና የግጦሽ አገር ነበረ፤ ዛሬ ግን ቤቱ በአጥር የተከበበ፥ የግቢውም መሬት አብዛኛውን ጊዜ በሲሚንቶ ወይም በንጣፍ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ሆኖም ከቤቱ ጀርባ ጥቂት ጎመንና ጤና አዳም የተተከለባት፥ አንድ ሁለት ዛፍ ያለባት ጓሮ አትጠፋም። በዚህች ጓሮ አምስት ወይም ስድስት ዶሮ ለማርባት የሚያስብ ቤተሰብ ብዙ ነው። የሚያስቸግረው የመኖ ዋጋ ነው። በዶሮ እርባታ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው ለመኖ እንደሚወጣ የሙያው ሰዎች ይናገራሉ። ስለዚህ «ለቀቅ አድርጓቸው፥ ጭረው ይብሉ» የሚለው ምክር ለሁሉም ደስ የሚያሰኝ ይሆናል።

እኛ ግን ምክሩ ግማሽ እውነት ነው እንላለን። ዶሮን መጫር ማስተማር አያስፈልግም፤ ከተፈጥሮዋ ነውና። የሚያስፈልገው የሚጫር ነገር መኖሩን ማረጋገጥ፥ የዶሮዎቹንም ቁጥር ከጓሮው ማዕድ ጋር ማመዛዘን ነው።

በመጀመሪያ ጭራ የምትኖር ዶሮ በእርግጥ ምን እንደምትበላ እንመልከት። ዶክተር ታደለ ደሴ ከባልደረባቸው ጋር በማዕከላዊው የኢትዮጵያ ደጋ አገር ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በታተመው ምርምር፥ በገጠር ሲጭሩ የዋሉ የአገር ዶሮዎች በአንገታቸው ሥር ባለው የምግብ ማቆያ ከረጢት ውስጥ የተገኘውን ነገር ለይተው መዝነዋል። የተገኘው የእህልና የሌላ ዕፅ ፍሬ፥ ቅጠላ ቅጠል፥ ትልና ነፍሳት ነበረ። በዚህ ምግብ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን ከመቶ 9 ያህል ብቻ ነው፤ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የሚዘጋጅ መኖ ግን ከመቶ 16 ያህል ፕሮቲን እንዲኖረው ይደረጋል። ምርምሩ አንድ ሌላ ጠቃሚ ነገርም አሳይቷል፤ በደረቁ ወራት የሚጎድለው በይበልጥ ፕሮቲን ሲሆን፥ በዝናቡ ወራት የሚጎድለው ደግሞ ኃይል ሰጪው ምግብ ነው። እንግዲህ የአገራችን ዶሮ ጭራ ብቻ ስትኖር በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል የምትጥልበት አንዱ ምክንያት የዘሯ ጠባይ ቢሆንም፥ ሌላው የማዕዷ ማነስ መሆኑን እንረዳለን።

ከውጭ አገር የተገኘ ምስክርም አለ። በስሪላንካ መንደሮች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ ጭረው ከሚያድሩ ዶሮዎች ምግብ ውስጥ ከመቶ 70 የሚበልጠው የቤት ትራፊ ነበረ፤ ሣሩና ነፍሳቱ ተጨማሪ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ራሷን የምትመግብ ዶሮ» የምንላት በእውነቱ ከወጥ ቤቱ የምትመገብ ዶሮ ናት።

ታዲያ የአንድ ቤት ትራፊ ስንት ዶሮ ይመግባል? ይህን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ትፈልጋለች እንበል። 300 ግራም የሚመዝን የተረፈ እንጀራ ብንሰጣት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእንጀራው ክብደት ከመቶ 60 ያህሉ ውሃ ስለ ሆነ፥ የሚቀረው ደረቅ ምግብ 120 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ትራፊ በየቀኑ የሚያወጣ ቤት የአንዲት ዶሮ ቀለብ አለው ማለት ነው፤ እርሱም በፕሮቲን በኩል የጎደለ ነው። ጓሮዋ የቀረውን እየሞላች ሁለት ወይም ሦስት ዶሮ ልታኖር ትችል ይሆናል። በዚያው ጓሮ ዐሥራ ሁለት ዶሮ የሚለቅ ሰው ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጎመኑ ተበልቶ፥ ሣሩ ተነቅሎ፥ መሬቱ እንደ አውድማ ጠፍጥፎ ያገኘዋል።

ወቅቱም ሊታሰብ ይገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ እርጥብ ስለ ሆነ ትሉና ነፍሳቱ ይበዛሉ፤ ዶሮዎቹም ፕሮቲን አያጡም። በዚህ ጊዜ ወደ ማታ ጥቂት በቆሎ ወይም ስንዴ መጨመር ይበቃል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን መሬቱ ይደርቃል፥ ትሉም ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ወራት ዐቢይ ጾም ከሚውልበት ጊዜ ጋር ስለሚገናኝ በጾመኛ ቤት የሥጋና የወተት ትራፊ አይገኝም። ሆኖም በጾም የሚበላው ምስርና ሽሮ ራሱ ፕሮቲን ያለው ምግብ ነው። በርበሬውም አያስፈራንም፤ ወፎች የበርበሬን ማቃጠል አይሰሙምና። የሚያስፈራው ጨው ስለ ሆነ፥ የወጥ ትራፊ ከብዙ እንጀራ ጋር ተደባልቆ በጥቂቱ ብቻ ይሰጥ። ከዚህ ሌላ በበጋ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ በፉርሽካ ለውሶ መስጠት የጎደለውን ፕሮቲን ለመሙላት በጣም ይረዳል።

አሁን ዶሮዎቹን ለመጫር ስለማነሣሣት እንናገር። አንደኛ፥ ዋናውን እህል ጧት መስጠት አይገባም። ጧት የጠገበች ዶሮ ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። ጧት ጥቂት ብቻ ቀምሳ የወጣች ግን መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ትጭራለች። የቀረው እህል ፀሐይ ስትጠልቅ ቢሰጥ በፈቃዷ ወደ ቆጧ ትመለሳለች፤ ወደ ጎረቤት ግቢም መሄድን አትለምድም።

ሁለተኛ፥ የሚጫረውን ነገር ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በጓሮው አንድ ጥግ የወደቀ ቅጠል፥ ገለባና የአትክልት ልጣጭ ከምሮ አልፎ አልፎ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ክምሩ ሲበሰብስ ትልና ጥቃቅን ነፍሳት ይራቡበታል፤ ዶሮዎቹም ሲጭሩት ያገላብጡታል፥ በመጨረሻም ለጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል። ግቢው በሲሚንቶ የተሸፈነ እንኳ ቢሆን ይህን ክምር በአራት ጣውላ መካከል ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛ፥ ጓሮውን በሽቦ ወይም በቀርከሃ ለሁለት ከፍሎ ዶሮዎቹን በየተራ ማሰማራት ነው። አንደኛው ወገን ሲጫር ሌላው ያርፋል፥ ሣሩና ማገጡም ያቆጠቁጣል።

አራተኛ፥ መሸሸጊያ መስጠት ነው። የዶሮ ጥንተ ዘር የደቡብ ምሥራቅ እስያው ቀይ የጫካ ዶሮ ስለ ሆነ፥ ዶሮ ሰማይ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ርቃ መሄድን ትፈራለች። ፍርሃቷም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአዲስ አበባ ሰማይ ጭልፊት አይጠፋም፥ ሌሊትም ሽለምጥማጥ አለ። ቁጥቋጦ ወይም ዝቅ ያለ ዳስ በየቦታው ካለ ግን ዶሮዎቹ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ጓሮውን ሁሉ ይጭራሉ።

የዘሩም ምርጫ ቁም ነገር ነው። የአገራችን ዶሮ ለመጫር፥ ለመሸሽና ጫጩት ለማሳደግ የተካነች ናት፤ እናት ዶሮ እየጠራች የሚበላውን ለጫጩቶችዋ ታሳያለችና። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በምርጫ ሲሻሻል የቆየው የሆሮ ዶሮ፥ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮይኮክ፥ ከግብፅ የመጣው ፋዩሚም ለዚህ ኑሮ ይስማማሉ። በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል እንድትጥል የተዘጋጀችው ቦቫንስ ብራውን ግን ሙሉ መኖ ካላገኘች ትከሳለች፥ መጣሏንም ታቋርጣለች። በመፈልፈያ መኪና የተፈለፈሉና እናት የሌላቸው ጫጩቶችም ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ፥ ፀሐይ በሞቀች ጊዜ፥ ጥቂት ሣርና ደቃቅ ጠጠር እየቀረበላቸው ቢለምዱ መልካም ነው። ዶሮ ጥርስ ስለሌላት ምግቧን የምትፈጨው በዋጠችው ጠጠር ነውና።

ስለ አደጋውም ዝም ማለት አይገባንም። የከተማ መሬት የገጠር መሬት አይደለም። ፕላስቲክና ቆሻሻ በሚቃጠልበት፥ አሮጌ ባትሪ በተጣለበት ወይም የመኪና ዘይት በፈሰሰበት ቦታ የምትጭር ዶሮ እርሳስና ሌላ መርዝ ትውጣለች፤ መርዙም ወደ እንቁላሉ ይተላለፋል፥ እንቁላሉን ደግሞ የሚበላው የቤቱ ሕፃን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቦታ ማጠር ግዴታ ነው። የሻገተ እንጀራና የሻገተ በቆሎም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰጥ።

ሌላው ጠላት ፈንግል ነው። ይህ በሽታ ከዶሮ ወደ ዶሮ የሚዛመት ሲሆን፥ ለበዓል ከገበያ የተገዛ አንድ ዶሮ ይዞት ገብቶ የግቢውን ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ከገበያ የመጣውም ዶሮ ከሌሎቹ ሳይቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻው ቢቆይ ይመረጣል።

በመጨረሻ፥ የጓሮው ማዕድ መብቃቱንና አለመብቃቱን ለማወቅ ሚዛን መግዛት አያስፈልግም። ሲመሽ፥ የማታው እህል ሳይሰጥ በፊት፥ ዶሮዋን ይዞ በአንገቷ ሥር ያለውን ከረጢት በጣት መዳበስ ነው። ከረጢቱ ሞልቶ ለስለስ ካለ ውሎዋ መልካም ነበረ። ባዶ ከሆነ ግን ጓሮው የሚችለውን ጨርሷል፤ በዚያ ጊዜ ያለው አማራጭ እህል መጨመር ወይም ዶሮ መቀነስ ነው። በለቡ መብራት ኃይል ዶሮ ለማርባት ለሚያስብ ቤተሰብ የምንሰጠው ምክር እንግዲህ ይህ ነው፤ በሦስት ቄብ ይጀምር፥ አንድ ክረምትና አንድ በጋ እየዳበሰ ይከታተል፥ ከዚያ በኋላ አራተኛይቱን ለመጨመር ይወስን።