የቢቸናና የሞጣ የቅቤ ገበያ

በሆላንድ አገር፥ አልክማር በምትባለው ከተማ፥ በበጋ ወራት ዐርብ ዐርብ የሚቆመው የዐይብ ገበያ ዝናው የተሰማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1593 ዓ.ም. የተመሠረተው የተሸካሚዎች ማኅበር ዛሬም ባለቀለም ባርኔጣውን ደፍቶ ዐይቡን ወደ ሚዛን ያደርሳል፤ ገዢና ሻጭም መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ዋጋ ይቆርጣሉ። ዳሩ ግን ይህ በአብዛኛው ለጎብኚ የሚታይ ትርኢት ሆኗል። በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ ያለው የቅቤ ገበያ ግን ኑሮ የተደገፈበት ንግድ ነው።

የአገራችን ሰው ከዐይብ ይልቅ ቅቤን ለገበያ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ዐይብ ከአሬራ ወጥቶ በትኩስነቱ የሚበላ ስለ ሆነ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም፤ ቅቤ ግን ሩቅ መንገድ ይችላል። ባለሞያዋ እመቤት በወይራ በታጠነ ዕቃ ንጣ ያወጣችውን ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ታመጣለች። በብዙ ቤት ሽያጩ የእርሷ ገንዘብ ነው፤ ጨውም የልጆች ደብተርም ከዚሁ ይገዛል።

ገዢው ቅቤውን ለጋ፥ መካከለኛና በሳል እያለ ይለያል። አስቀድሞ ያሸተዋል፤ ቀጥሎም በጣቱ ቆርሶ መዳፉ ላይ ያሻዋል። ይህ ሁሉ ካላረካው በቀጭን እንጨት እስከ እምብርቱ ይወጋዋል፤ የአልክማሩም ነጋዴ ዐይቡን በመሰርሰሪያ እንዲሁ ይፈትናል። በቅርብ ዓመታት ሙዝና የአትክልት ቅባት ተቀላቅሎ፥ ከላይ ንጹሕ ቅቤ የተለበጠ ሸቀጥ በአገሪቱ ገበያዎች ስለ ተገኘ፥ ይህ ጥንቃቄ ሊነቀፍ አይገባውም። አንዱ ሲያጭበረብር ግን የሐቀኛይቱም ሴት ቅቤ በጥርጣሬ ዋጋ ይወርዳል።

ዋጋው ከጾምና ከበዓል ጋር ይሄዳል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ምእመኑ ቅቤ ስለማይቀምስ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ አቅም ያለው ነጋዴ በርካሽ ገዝቶ ለፋሲካ ያቆያል። በአያያዝ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ሸቀጡ ይሸትበታል።

የሞጣ ገበያ ሌላም ችግር ነበረበት። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው፥ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከመካከሉ ስለ ተቆረጠ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። መንገደኛውም ለብዙ ዘመን በገመድ ታስሮ ከማዶ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ቢጠገንም ጎርፍ መልሶ ሰበረው፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተተካ። ድልድዩ ለመኪና የተሠራ አይደለምና ባለገበያው ሸክሙን ይዞ በእግሩ ይሻገራል።