የሰጠመችው መርከብ ስም የወጣለት ዜማ

ለልጅ ስም እንደምናወጣ ሁሉ በእንግሊዝኛ መዝሙር መጻሕፍት ውስጥ ለዜማም ስም ይወጣለታል። አሜሪካዊው ፊሊፕ ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1876 የደረሰው አንድ ዜማ «ቪል ዱ ሃቭር» ይባላል። የመርከብ ስም ነው።

መርከቧ በኅዳር 1873 ከኒውዮርክ ወደ ፈረንሳይ ስትጓዝ አትላንቲክ ላይ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። 226 ሰዎች አለቁ። የቺካጎው ጠበቃ ሆራሽዮ ስፓፎርድ አራቱንም ሴቶች ልጆቹን በዚያች ሌሊት አጣ። እናታቸው አና ግን ተረፈች፤ ብቻዋን መቅረቷንም ለባሏ በቴሌግራም አስታወቀችው። የመዝሙሩን ግጥም የጻፈው ይህ አባት ነው።

እንዲህ ላለ ግጥም ምን ዓይነት ዜማ ይሠራለታል? እኔ ብሆን ሙሾ ይመስለኝ ነበር። ብሊስ ግን ረጋ ያለ፣ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል ዜማ ሠራለት። አዝማቹ ላይ ድምፆች እየተቀባበሉ ይዘምሩታል፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይደግምለታል።

ብሊስ ዜማውን በኅዳር 1876 ቺካጎ ውስጥ አሰማ። በቀጣዩ ወር በ29ኛው ቀን፣ ከባለቤቱ ከሉሲ ጋር የተሳፈረበት ባቡር ኦሃዮ ግዛት አሽታቡላ ላይ ድልድዩ ተደርምሶበት ወደቀና በእሳት ተያያዘ። የ38 ዓመት ሰው ነበር። የሁለቱም አስከሬን ተለይቶ አልታወቀም። ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቻቸው አብረዋቸው ስላልተጓዙ ተረፉ።

የብሊስ ሻንጣም ከአደጋው ተርፎ ነበር። በውስጡ የራሱ ግጥም ተገኘ፤ ለዚያኛው ዜማ የሠራለት ጄምስ ማክግራናሃን ነው።